ስለ ዕንቍላሉ ምሳሌ
ቀስ በቀስ መሄድና መዘግየት አንድ አይደሉም

አንባቢ ሆይ፥ በሥነ ጽሑፍ ገጽ ላይ የሚተች ድርሰት አብዛኛውን ጊዜ ደራሲው የታወቀ፥ ገጹም የተቈጠረ መጽሐፍ ነው። ዛሬ የምንመረምረው ድርሰት ግን ደራሲው የማይታወቅ፥ ርዝመቱም ከአምስት ቃላት የማያልፍ ነው። ይኸውም «ቀስ በቀስ ዕንቍላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው የአባቶችና የእናቶች ምሳሌ ነው። ከልጅነታችን ጀምሮ ስለ ሰማነው የተረዳነው ይመስለናል። ዳሩ ግን እጅግ የለመዱት ነገር ሳይመረመር የሚቀር ነውና፥ ቃሉን እንደ አዲስ ድርሰት አንሥተን ብንመዝነው ሳናስተውል ያለፍነው ብዙ ነገር እናገኝበታለን።

ወደዚህ ምርመራ ያነሣሡን አዲስ አበባን ከበው የሚገኙት ሦስት ከተሞች ናቸው። ሰበታ በደቡብ ምዕራብ በጅማ መንገድ፥ ቡራዩ በምዕራብ በአምቦ መንገድ፥ ሱሉልታም በሰሜን ከእንጦጦ ተራራ ማዶ በጎጃም መንገድ ላይ ይገኛሉ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ሦስቱም በሸገር ከተማ ውስጥ ተጠቃልለዋል። ትናንት እርሻና ግጦሽ የነበረው መሬት ዛሬ ቤትና ፋብሪካ ሆኗል። ወደ አዲስ አበባ ለሥራ የሚወርደው ሰው ገና ጎሕ ሳይቀድ ታክሲ ለመያዝ ይሰለፋል፤ ማታም ከመሸ በኋላ ወደ ቤቱ ይመለሳል። በእንዲህ ያለ ስፍራ ሁሉም ይቸኩላል፤ ሁሉም ደግሞ ትዕግሥትን ይመከራል። ሽማግሌው ጎረምሳውን፥ እናት ልጇን፥ ሹሙ ባለጉዳዩን «ቀስ በቀስ» ይለዋል። ሦስቱ የሚናገሩት ቃል አንድ ነው፤ የሚሉት ነገር ግን አንድ አይደለም። እንግዲህ ምሳሌው ከሦስቱ የማንኛው ወገን እንደ ሆነ ልንጠይቅ ይገባናል።

አስቀድመን ቃሉን እንመልከት። «ቀስ» ብቻውን የአካሄድን ሁኔታ ይነግራል፤ ቀስ ብሎ የሚሄድ ሰው ከጥቂት ጊዜ በኋላ ቢቆም፥ ወይም ከዛፍ ጥላ ሥር ቢተኛ፥ ቀስ ማለቱን አላፈረሰም። «ቀስ በቀስ» ግን እንደዚህ አይደለም። በመካከል የገባችው «በ» አንዱን ድርጊት ከሚከተለው ድርጊት ጋር ታያይዛለች፤ «ደረጃ በደረጃ»፥ «ተራ በተራ» እንደምንለው ሁሉ፥ አንዱ ሲያልፍ ሌላው እየተተካ መሄዱን ታስረዳለች። ስለዚህ ምሳሌው የሚያመሰግነው ዝግታን ሳይሆን አለማቋረጥን ነው። በውስጡ መራመድ እንጂ መቆም ቦታ የለውም።

ሁለተኛም አነጋገሩ ደፋር ነው። ከዕንቍላል ጫጩት ይወጣል፥ ጫጩቱም በእግሩ ይሄዳል ብሎ ቢናገር ኖሮ እውነት በሆነ ነበር፤ ነገር ግን እንዲህ ያለውን ቃል ማንም ለልጁ አያወርሰውም ነበር። የምሳሌው ባለቤት መካከለኛውን ሁሉ ዘልሎ እግር የሌለውን ዕንቍላል በእግሩ አስኬደው። እነሆ፥ ትዕግሥትን የሚያስተምረው ቃል ራሱ ሲናገር ቸኩሏል! ይህም ጥበብ እንጂ ስሕተት አይደለም፤ በመካከል ያለውን ቀን ሁሉ ሰሚው በልቡ እንዲሞላው ትቶለታልና።

ሦስተኛው ነገር ከሁለቱ ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባ ነው። በዚህ ድርሰት ውስጥ ዋናዋ ሠራተኛ ስሟ አልተጠራም። ዕንቍላል ተቀምጦ በመቈየቱ ብቻ እግር አያወጣም፤ ተቀምጦ የቈየ ዕንቍላል ይገማል። እግር የሚያወጣው ዶሮዪቱ ሃያ አንድ ቀን ያህል ስለ ታቀፈችው ነው። እርስዋም ዝም ብላ አትቀመጥበትም፤ ሙቀቱ በሁሉ ወገን እንዲደርስ ታገላብጠዋለች፤ ለመብልና ለውኃ ብትነሣም ሳይቀዘቅዝ ትመለሳለች። ትታው የራቀች እንደ ሆነ የቀኑ ቍጥር ቢሞላም ጫጩት የለም። ዶሮ ያስታቀፈች ባለቤት ይህን ሁሉ ታውቃለች፤ ምሳሌውም የተወለደው በእንዲህ ያለች ሴት ጓዳ ሳይሆን አይቀርም።

የቀደሙ መምህራን አንዱን ንባብ «አንድም» እያሉ በብዙ መንገድ ይተረጕሙት ነበር። እኛም የእነርሱን መንገድ ተከትለን እንዲህ ልንል እንችላለን። ዕንቍላል የተባለው የሰው ሥራ ነው፤ ዶሮዪቱም ትጋት ናት። አንድም፥ ዕንቍላል ፊደል የሚቈጥር ልጅ ነው፤ ዶሮዪቱም ሳይሰለች ደጋግሞ የሚያስጠናው መምህር ናት። አንድም፥ ዕንቍላል ኑሮውን ለማቆም የሚደክም ድኻ ነው፤ ዶሮዪቱም ጊዜና መጠጊያ ሊሰጡት የሚገባቸው ወገኖቹና ሹሞቹ ናቸው። ወደዚህ ወደ ሦስተኛው ትርጓሜ ኋላ እንመለስበታለን።

በሌላው ዓለም ስለ ዝግታ ከሚነገሩት ሁሉ ይልቅ የታወቀው በአይሶጵ ስም የሚጠራው የኤሊና የጥንቸል ተረት ነው። ጥንቸል በፍጥነቷ ተመክታ ተኛች፤ ኤሊም ሳታቋርጥ ሄዳ ቀደመቻት። ይህ ተረት የእኛን ምሳሌ ይመስላል፤ ቀርቦ ለመረመረው ግን ልዩነቱ ትልቅ ነው። በዚያ ውድድር አለ፥ ተሸናፊም አለ፤ ጥንቸል ባትተኛ ኖሮ ኤሊ አትቀድምም ነበርና ድሏ የቆመው በሌላዋ ስንፍና ላይ ነው። የእኛ ዕንቍላል ግን ከማንም ጋር አይሽቀዳደምም። የሚያገኘውም ሽልማት አይደለም፤ ቀድሞ ያልነበረውን መሆን ነው። ስለዚህ ጎረቤቱ ስለ ቀደመው ብቻ የሚቸኩል ሰው ከኤሊ ይልቅ ከዕንቍላሉ ይማራል።

ምሳሌው ብቻውን አልተወለደም፤ እኅቶችና ወንድሞች አሉት። «ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል» ይባላል፤ የዚህ ጅብ ጥፋት መፍጠኑ ሳይሆን ሥጋውን ከቀንዱ ሳይለይ መንከሱ ነው። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይባላል፤ ይህም በሚዛን የተነገረ ቃል ነው፤ ችኩሉ ክፉ ሰው ነው አይልም፥ አንድ የነበረውን ሥራ ሁለት አደረገው ይላል እንጂ። «ቶሎ ቶሎ ቤት ግድግዳው ሰንበሌጥ» የሚለው ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ያፌዛል፤ ለክዳን እንጂ ለግድግዳ የማይሆነውን ሣር ግድግዳ አድርጎ ያሳየናል። በአንጻሩም «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ቆሞ የዘገየውን ይገሥጻል፤ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚለውም እንዲሁ። ስለዚህ ሕዝባችን ዝግታን ብቻ ያመልካል የሚል ሰው ግማሹን ቅርስ ብቻ አንብቧል።

አሁን ከቃሉ ወደ መሬቱ እንውረድ፤ በመጀመሪያም ወደ ሱሉልታ። ሱሉልታ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያለው ሰፊ ሜዳ ነው። ስለዚህም የረጅም ርቀት ሯጮች መለማመጃ ሆኗል፤ የታወቀው ሯጭ ቀነኒሳ በቀለም ማሠልጠኛ አቁሞበታል። ሯጮቻችንን ዓለም የሚያውቃቸው በፍጥነታቸው ነው። በማለዳ ወደ ሜዳው የወጣ ሰው ግን አንዱ ከሌላው ኋላ ተሰልፈው፥ የፊተኛውን እግር እየተከተሉ፥ በዝግታ ሲሮጡ ያገኛቸዋል። ምክንያቱም ግልጽ ነው። አየሩ ስስ ነውና በየቀኑ በሙሉ ኀይሉ የሚሮጥ ሰው ሰውነቱ ሳይጠገን ይደክማል፤ ስለዚህ የፈጠነው ልምምድ በተወሰነ ቀን ይሆናል፥ በመካከል ያሉት ቀናት የዝግታ ናቸው። የዝግታው ቀን የዕረፍት ቀን አይደለም፤ ዶሮዪቱ በዕንቍላሉ ላይ የምትቈይበትን ቀን ይመስላል።

ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፥ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፥ አበበ ቢቂላ በሮም ከተማ የማራቶንን 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር በባዶ እግሩ ሮጠ። በዚያ ምሽት ከሞሮኮው ሯጭ ከራዲ ጋር ረጅሙን መንገድ ጐን ለጐን ተጓዘ። ፍጻሜው ሲቀርብ፥ የአክሱም ሐውልት በዚያን ዘመን ቆሞ በነበረበት ስፍራ አጠገብ፥ ፍጥነቱን ጨምሮ ተለየው፤ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድም አሸነፈ። አበበን ዝግተኛ ብሎ የሚጠራው ማን ነው? ችኩልስ ብሎ የሚጠራው ማን ነው? ኀይሉን እስከሚያስፈልግበት ሰዓት የጠበቀ ሰው በሰዓቱ ሊፈጥን ቻለ። ዕንቍላሉም ቢሆን ቅርፊቱን የሚሰብርበት ቀን አለው፤ በዚያ ቀን ቀስ ማለት አይረባውም።

ከሱሉልታ ወደ ቡራዩ ስንዞር ግን ክርክራችን ይፈተናል። በቡራዩ በኩል የሚያልፈው መንገድ በሆለታ አድርጎ ወደ አዲስ ዓለም ያደርሳል። ዐፄ ምኒልክ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1900 ገደማ፥ በአዲስ አበባ ዙሪያ የነበረው እንጨት ለማገዶና ለቤት ሥራ ተቈርጦ ስላለቀ፥ ዋና ከተማቸውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ አስበው በዚያ ማሠራት ጀምረው ነበር። ከተማዪቱ በስፍራዋ እንድትጸና ከረዷት ነገሮች አንዱ ከአውስትራልያ ምድር የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ይህ ዛፍ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ለቤት የሚሆን እንጨት ይሰጣል፤ ቢቈርጡትም ከጉቶው እንደ ገና ያቈጠቍጣል። በአዲስ ዓለምም ለቤተ መንግሥት የተጀመረው ሕንፃ ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ዛሬ ገበሬው ምንጭ ያደርቃል እያለ ባሕር ዛፍን ቢያማውም፥ አዲስ አበባን በችግሯ ቀን የደረሰላት ፈጣኑ ዛፍ መሆኑን መካድ አይቻልም። የዕንቍላሉን ምሳሌ የሚወድ ሁሉ ይህን ሊያምን ይገባዋል። ማገዶ ያለቀበትን ሕዝብ ጽድ እስኪያድግ ጠብቅ ማለት ምክር አይሆንምና።

ከሰበታ በላይ ግን ሌላው ዛፍ ቆሞ ይታያል። በወጨጫ ተራራ ጎን፥ ከሰበታ በላይ በኩል፥ የመናገሻ ሱባ ደን ይገኛል። በውስጡ ጽድና ዝግባ ወይራም አሉ፤ ከጽዶቹም መካከል መቶ ዓመታትን ያስቈጠሩ ዛፎች ይገኛሉ። በ15ኛው መቶ ዓመት የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የጽድ ዘር ከሸዋ ከወፍ ዋሻ አስመጥተው አስተከሉት ተብሎ ይነገራል። የዚህን ዛፍ ዘር የተከለ ሰው ጥላውን ሊያየው አይችልም፤ የሚተክለው ለማያውቀው ሰው ነው። ነገር ግን ደኑ እስከ ዘመናችን የደረሰው ቀስ ብሎ ስላደገ ብቻ አይደለም፤ በየዘመኑ መጥረቢያን የሚከለክል ጠባቂ ስለ ተገኘለት ነው። በዙሪያው የነበረው ደን ያለቀው ጽዱ አላድግም ብሎ ሳይሆን የሚታቀፈው ስላጣ ነው። እንግዲህ የቡራዩ መንገድና የሰበታ ተራራ እርስ በርሳቸው አይጣሉም። ፈጣኑ ዛፍ የዛሬውን ብርድ ያስታግሣል፥ ዝግተኛው የልጅ ልጅን ምንጭ ይጠብቃል። ጥፋቱ አንዱን በሌላው ስፍራ መትከል ነው።

አሁን ወደ ሦስተኛው ትርጓሜ እንመለስ። በነዚህ ከተሞች ዳርቻ «የጨረቃ ቤት» የሚባል አለ። ፈቃድ ሳይኖረው በሌሊት በጨረቃ ብርሃን ስለሚሠራ እንዲህ ተባለ። ግንበኛው ይቸኩላል፤ አናጢው ምስማሩን በጨለማ ይመታል፤ ሲነጋ ቆርቆሮው በጣራው ላይ ነው። አላፊ አግዳሚውም «ቶሎ ቶሎ ቤት» እያለ ይስቃል። ስለ ግድግዳው የተናገረው እውነት ነው፤ በችኮላ የተመረገ ጭቃ በክረምት ይፈረካከሳል። ስለ ሰውዬው ግን የተናገረው ነገር የለም። ይህ ሰው የቸኮለው ትዕግሥት ስላልተማረ ነውን? ኪራይ አስመርሮት ከአዲስ አበባ የወጣ፥ ጥሪቱን ሁሉ ለአንዲት ቍራሽ መሬት የከፈለ፥ ቀን በቀን ቀስ ብሎ ቢሠራ ሳይጨርስ እንደሚያፈርሱበት የሚያውቅ ሰው ነው። የሸገር ከተማ በተቋቋመበት በ2015 ዓ.ም. በነዚህ ከተሞች ብዙ ቤቶች ሕገ ወጥ ናቸው ተብለው ፈርሰዋል፤ ከፈረሱትም መካከል ለዓመታት የተኖረባቸው ነበሩ። ከተማ ያለ ሥርዓት ሊቆም አይችልም፤ በዚህ ጽሑፍም ስለ ሕጉ አንከራከርም። የምንከራከረው ስለ ምሳሌው አጠቃቀም ነው። ትዕግሥት የሚመከረው ነገ የእርሱ መሆኑን ለሚያምን ሰው ነው፤ ነገውን ለማያምን ሰው ግን «ቀስ በል» ማለት ምክር ሳይሆን ስድብ ይሆንበታል።

ከዚህም የሚብስ አጠቃቀም አለ። ባለጉዳይ ከመሥሪያ ቤት ደጅ ቆሞ ሳለ «ነገ ና» ይባላል፤ ነገም ሲመጣ «ከነገ ወዲያ» ይባላል፤ ሲያጕረመርምም በፈገግታ «ቀስ በቀስ ዕንቍላል በእግሩ ይሄዳል» ይሉታል። በዚህ ጊዜ ምሳሌው ተገልብጧል። ፋይሉ ከመሳቢያ ውስጥ ተኝቷል፤ ማንም አልታቀፈውም፥ ማንም አላገላበጠውም። ቀደም ብለን እንዳየነው የምሳሌው ቃል ራሱ ይህን አይፈቅድም፤ «ቀስ በቀስ» ማለት ዛሬ አንድ ነገር፥ ነገም የሚከተለው አንድ ነገር ተሠርቶ ሲገኝ ነው። ምንም ሳይሠራ ስለ ቈየ ነገር የሚነገረው ምሳሌ ሌላ ነው፤ የገማ ዕንቍላልን ሽታ ሁሉም ያውቃል።

ተቺ የሚወደውን ድርሰት ጕድለት መሸሸግ አይገባውምና የዚህን ምሳሌ ጕድለት ደግሞ እንናገር። «ይሄዳል» ብሎ ያለ ጥርጥር ይፈርዳል እንጂ «ምናልባት» አይልም። ነገር ግን ከታቀፉት ዕንቍላሎች ሁሉ ጫጩት አይወጣም፤ አውራ ዶሮ ያላገኛት ዶሮ የጣለችው ዕንቍላል ሃያ አንድ ቀን ቢታቀፉትም ባዶ ነው። ዶሮዪቱም ዕንቍላል የመሰለ ድንጋይ ቢያስቀምጡላት በቅንነት ትታቀፈዋለች። ስለዚህ መጽናት ብቻውን አይበቃም፤ የያዙት ነገር ሕይወት ያለው መሆኑን አስቀድሞ መመርመር ያስፈልጋል። አስተዋይ ባለቤት ዕንቍላሉን ወደ ብርሃን አንሥታ ታየዋለች። ምሳሌው ይህን አላስተማረንም፤ ምናልባት በአምስት ቃላት ሁሉን ማስተማር ስላልተቻለው ይሆናል።

ይህም ቢሆን ድርሰቱ ታላቅ ነው ብለን እንፈርዳለን። ታላቅነቱም ዝግታን ስላመሰገነ ሳይሆን፥ የሚታየውን እግርና የማይታየውን መታቀፍ በአንድ ትንፋሽ ስላገናኘ ነው። በሱሉልታ ሜዳ ላይ በዝግታ የሚሮጠው ወጣት፥ ባሕር ዛፍ ለዛሬ ማገዶው ተክሎ ከጎኑ ለልጁ ጽድ የሚጨምር ገበሬ፥ ደመወዙ ሲደርሰው ጥቂት ጥቂት ብሎኬት እየገዛ በፈቃዱ መሬት ላይ ቤቱን በሦስት ዓመት የሚያቆመው የሰበታ ሠራተኛ፥ ሁሉም ምሳሌውን ሳይጠቅሱት ይኖሩታል። ይህ ሠራተኛ ሊታገሥ የቻለው ግን መሬቱን የሚያረጋግጥለት ወረቀት በእጁ ስላለ መሆኑን አንርሳ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ ከእንግዲህ ወዲህ ይህን ምሳሌ ለልጅህ፥ ለሠራተኛህ፥ ወይም ከደጅህ ለቆመው ባለጉዳይ ልትናገር አፍህን ስትከፍት፥ አስቀድመህ ዶሮዪቱ ማን እንደ ሆነች ጠይቅ። እርስዋ ራስህ ሆነህ ብትገኝ ከምክሩ በፊት ተነሥተህ የቀዘቀዘውን ዕንቍላል ታቀፍ።